የትም አይሄድም

በመንዝ ደጋ ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ በአዋላጅ ነርስነት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ከዚያ ዘመን ገጠመኞቼ ብዙዎቹ ከአእምሮዬ ጠፍተዋል፤ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የሆነው ግን፣ ማንም ያልሞተበትና ማንም ያልተከሰሰበት ተራ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ዛሬም ትዝ ባለኝ ቁጥር አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ደግሞ ያንገበግበኛል።

በዚያ ሰሞን ከበላይ አንድ ቅጽ ወርዶልን ነበር። በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ፣ ኢምፕላኖንን፣ ሦስት ዓመቱን ሳይጨርሱ የሚያስወጡ ሴቶች በዝተዋል ተብሎ፣ ለማስወጣት የምትመጣውን ሴት ሁሉ ምክንያት እንድንመዘግብ የሚያዝ ቅጽ ነው። ምክንያቶቹ አስቀድመው ስለታተሙ የእኛ ሥራ ራይት ማድረግ ብቻ ነበር፦ «ጊዜው አልቆ»፣ «ልጅ ፈልጋ»፣ «በባል ግፊት»፣ «በተሳሳተ አመለካከት»። «ደም በዝቶባት» የሚል ሣጥን አልነበረውም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ስለዚሁ ሲጠየቅ፣ የደም መዛባት የመድኃኒቱ ጠባይ እንጂ በሽታ ስላልሆነ በምክር የሚፈታ ነው፣ በምክር የሚፈታ ነገር ሁሉ ደግሞ በተሳሳተ አመለካከት ሥር ይካተታል ብሎ መለሰልን። ነገሩ ለአንዳችንም አልተዋጠልንም፤ ነገር ግን ማንም አልተናገረም። የስብሰባው ሰዓት ገፍቶ ስለነበር ሁሉም ዓይኑን ወደ ምሳው አድርጎ ነበር።

ሣጥኑ ከምንም ተነሥቶ ተፈጠረ ማለቴ አይደለም። ስለ ረጅም ጊዜ የወሊድ መከላከያ የምንሰማው ወሬ ማለቂያ አልነበረውም። ኢምፕላኖኑ ከክንድ ተነሥቶ በደም ሥር ወደ ልብ ይሄዳል፤ ክንድ ስለሚያዝል እንስራ የምታዝልና እንዝርት የምታሾር ሴት አትችለውም፤ ቅቤና ሥጋ ስለሚፈልግ በሁዳዴ ሰውነት ያመነምናል፤ ከወጣ በኋላም ማሕፀን ያደርቃል ይባላል። ማሕፀን ውስጥ የሚገባው የሉፕ ወሬማ የባሰ ነው፤ ሽቅብ ወጥቶ ሳንባ ይወጋል፣ ባልን ይቧጭራል፣ ከዚህም አልፎ ሕፃኑ ግንባር ላይ ተለጥፎ ይወለዳል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ካገቡ ሴቶች መካከል ሉፕ የሚጠቀሙት ከ100 ሁለት፣ በክንድ የሚቀበረውን የሚጠቀሙት ከ100 ስምንት ሲሆኑ፣ መርፌ የሚወጉት ግን 23 ነበሩ። እኛም ዘንድ አንዴ ከገባ 12 ዓመት የሚያገለግለው ሉፕ ከነእሽጉ መደርደሪያ ላይ ሲያረጅ፣ የሦስት ወሩ መርፌ ግን ሳምንት ሳይደርስ ያልቅብን ነበር።

ከሁሉም አብልጦ የሚፈትነኝ፣ ኢምፕላኖን የወር አበባ ሊያስቀር ይችላል ስል የሚነሣው «የማይወርደው ደም የት ይጠራቀማል?» የሚለው ጥያቄ ነበር። የማሕፀን የውስጥ ሽፋን ስለሚሳሳ የሚወርድ ነገር አይኖርም ብዬ ሥዕል እያሳየሁ ሳስረዳ፣ ሴቶቹ በትሕትና ሰምተው ሲያበቁ ያንኑ ጥያቄ መልሰው ያቀርቡልኛል። አንድ ቀን ወለሉን ትወለውል የነበረችው የጽዳት ሠራተኛችን ቀና እንኳ ሳትል «ኧረ ያልተጠነሰሰ ጠላ አተላ የለውም!» አለች። ጠያቂዋም «እንዲህ አትይኝም ነበር?» ብላ እኔን ገላምጣ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን አነጋገር የራሴ አስመስዬ ስጠቀምበት ኖሬአለሁ፤ የባለቤትነት ጥያቄ እስካሁን አልተነሣብኝም።

ወደ ሐምሌው ቀን ልመለስ። ሴትየዋ ዕድሜዋ ወደ 40 የተጠጋ፣ የስድስት ልጆች እናት ናት። የገበያ ቀን ስለነበር ወረፋው እስከ ውጭ ድረስ ተሰልፏል፣ ውጭው ደግሞ ጭቃና ጉም ነው። ዝናብ ያራሰውን ባናዋን ደጃፉ ላይ አራግፋ ገባች። በብብቷ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ የበግ ጠጉር ይዛለች፤ ተራዋ እስኪደርስ ስትፈትል መቆየቷን ጣቶቿ ላይ የተጣበቀው ብናኝ ይመሰክራል።

«እትዬ፣ በምን ልርዳዎት?» አልኋት።

«ይኸን ነገር አውጪልኝ፤ ልቤ ጋ ደርሷል» አለችኝ፣ የግራ ደረቷን በመዳፏ ደግፋ።

ገና ሳትቀመጥ ብዕሬን አንሥቼ «በተሳሳተ አመለካከት» የሚለው ሣጥን ላይ ራይት አደረግሁ። በዚያ መዝገብ ላይ ስርዝ ድልዝ አይፈቀድም፤ የተጻፈው ተጽፎ ይቀራል።

ከዚያም ምክሬን ጀመርሁ። ሥራዬን እወደው ነበር፤ በተለይም መምከሩን። ኢምፕላኖን 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ ለስላሳ ዘንግ መሆኑን፤ የሚቀመጠው ከቆዳ ሥር እንጂ ከደም ሥር ውስጥ አለመሆኑን፤ በውስጡ ያለው 68 ሚሊ ግራም ሆርሞን ለሦስት ዓመት ጥቂት በጥቂት እየወጣ እንቁላል እንዳይለቀቅ እንደሚያደርግ፤ ሰውነት በዙሪያው ስስ ሽፋን ሠርቶ ባለበት ቦታ አጥብቆ እንደሚይዘው፤ ስለዚህም ወደ ልብ ቀርቶ ወደ ክርን እንኳ እንደማይወርድ አስረዳኋት። በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ «የትም አይሄድም» እል ነበር። ስንት ጊዜ እንዳልሁት እኔ አልቆጠርሁም።

ሴትየዋ ዝም ብላ ሰማችኝ። እኔም ንግግሬን በተግባር ላጽናው ብዬ የግራ እጅጌዋን ሰብስቤ ክንዷን ወደ ውጭ አጠፍሁት፤ «አሁን እኔ አሳይዎታለሁ፣ ከዚያ እርስዎም በጣትዎ ይዳስሱታል» አልኋት።

ዳሰስሁ። የለም።

ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ጠባሳ በክንዷ ውስጠኛ ወገን ላይ በግልጽ ትታያለች። ከጠባሳዋ በላይ ግን ጣቶቼ የሚያገኙት ጡንቻና ጅማት ብቻ ሆነ። የፈታይ ክንድ ነው፣ ጠጣር ነው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋኋት። እጄ ቀዝቅዞ እንዳያታልለኝ በትንፋሼ አሞቅሁት። ዓይኔን ጨፍኜ እንደ በገና ደርዳሪ ጣቶቼን እያፈራረቅሁ ከብብቷ እስከ ክርኗ ወረድሁ፣ ከክርኗ እስከ ብብቷ ወጣሁ። ካርዷ «ግራ ክንድ» ይላል፤ ቢሆንም ቀኙንም ዳሰስሁት። ግራ የገባው ሰው የማያደርገው የለም።

ሙያውን የሚያውቅ ሰው በዚህ ጊዜ ምን እንደሚሰማ ያውቀዋል። የማይዳሰስ ኢምፕላኖን አይነካም፤ በዚያ አካባቢ ነርቭና ትልልቅ የደም ሥሮች ስለሚያልፉ፣ ያለበት ቦታ በምስል ተለይቶ ሳይታወቅ ምላጭ አይነሣም። የሐምሌ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በዚያ ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። ከሩብ ሰዓት በፊት የትም አይሄድም ብዬ የማልሁለት ነገር የት እንደሄደ አላውቅም።

ሴትየዋ ክንዷን ትታ ፊቴን ስታይ ነበር።

«የለም እንዴ?»

«አለ፤ ትንሽ ጠልቆ ነው እንጂ።»

ድምፄ አላስተማመናትም መሰለኝ፣ ክንዷን እንደያዝሁት በሌላው እጇ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «አይዞሽ ልጄ፣ አትደንግጪ። የትም አይሄድም ብለሽኝ የለም? ሰባት ጊዜ ነው ያልሽኝ» አለች።

ልታላግጥብኝ ይሁን ልታጽናናኝ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። በዚያ ሰዓት ግን ያሳሰበኝ ልቧ ነበር። ከወንበሬ ተነሥቼ «እትዬ፣ ልብዎን ማመም የጀመረዎት መቼ ነው? ትንፋሽ ያጥርዎታል? ሳል አለዎት?» እያልሁ ጥያቄውን አከታተልሁባት።

«ልቤስ ደኅና ነው» አለች።

«አሁን ልቤ ጋ ደርሷል አላሉኝም?»

«ብያለሁ እንጂ። ምን ልበል ታዲያ? ግንቦት መጥቼ ደሙ አልቆም አለኝ ብል ይለመዳል አላችሁኝ። ሰኔ መጥቼ ብል ይለመዳል፣ ታገሺ አላችሁኝ። ጎረቤቴ ልቤ ጋ ደርሷል ብትል የዚያኑ ዕለት አወጣችሁላት። ደም ስንላችሁ አትደነግጡም፤ ልብ ስንላችሁ ነው የምትደነግጡት።»

እኔ ዝም ስል እሷ ቀጠለች። «ፍልሰታ ሊገባ ነው። ትንንሾቹን ማን ይዞ ያስቆርብልኛል? ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቀን ከቅጽሩ አልገባሁም። ሰው ሲያስቀድስ እኔ ውጭ ከጽዱ ሥር ነኝ፤ ያለፈ ያገደመው፣ ይቺ ደግሞ ምን ሠርታ ነው እያለ ያየኛል። ይኸን ማን ይለምደዋል?»

የሰኔውን ካርድ ገለጥሁት። «ተመክራለች» ይላል። ፊርማው የኔ ነው።

ያን ዕለት የምነግራት አጥቼ እንዳልነበር ዛሬ ማመን አለብኝ። ኢምፕላኖን ከሚጠቀሙ ሴቶች መካከል የወር አበባቸው ጭራሹን የሚቀርባቸው ከአምስት አንድ ያህል መሆናቸውን፣ ደሙ የሚረዝምባቸውም ከዚያ እምብዛም እንደማያንሱ ተምሬአለሁ፤ ለሚረዝምባት ሴት አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀናት መስጠት ወይም የሚከለክላት የጤና ችግር ከሌለ የወሊድ መከላከያ እንክብል ጨምሮ መሞከር እንደሚቻልም መመሪያችን ላይ ተጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ «ይለመዳል» የምትለው ቃል አጭር ናት፤ ወረፋውም ረጅም ነበር። ደግሞም ከመካሪዎቻችን መካከል በደሙ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መቆም ምን እንደሆነ ያነሣልን አልነበረም፤ እኔ ራሴ በወር አምስት ቀን ከደጅ የምቆም ሴት ሆኜ ሳለ ሦስት ወር ምን እንደሚመስል አላሰብሁትም።

ራጅ ወዳለበት ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ጻፍሁላት። በእጃችን የነበረው አዲሱ ዓይነት ባሪየም ስለተጨመረበት በራጅ ይታያል፤ የቀድሞው አይታይም ነበር፤ ይህን ሳስብ ጥቂት ቀለል አለኝ። የመኪናውን ገንዘብ ከየት ታመጪዋለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ያን በብብቷ የያዘችውን ጠጉር ሸጣ መሆኑን ኋላ ሰማሁ። ኢምፕላኖኑ ከጠባሳዋ ብዙም ሳይርቅ፣ ነገር ግን ከቆዳ ሥር አልፎ ጡንቻ ውስጥ ተገኘና እዚያው ወጣላት። ወደ ልቧ አልሄደም፤ ከመጀመሪያውም በቦታው አልገባም።

ይህን ስሰማ በቀጥታ ጣቴን የቀሰርሁት በቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ላይ ነበር። ኢምፕላኖን በጤና ኬላ መቅበር ከተጀመረበት ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ እነሱ የሠለጠኑት መቅበሩን ነበር፤ ማውጣቱ በዚያን ጊዜ ለጤና ጣቢያ የተተወ ነበር። ስለዚህ ሴቲቱ ደጇ ላይ በአምስት ደቂቃ የተቀበረላትን ለማስወጣት ሁለት ሦስት ሰዓት በእግሯ ትመጣ ነበር፣ ስትመጣም «የሚያወጣው ባለሙያ ሥልጠና ሄዷል» ትባል ነበር፤ በቀላሉ ገብቶ አልወጣ ያለ ነገር ወደ ልብ ሄደ ቢባል አይፈረድም። ለማንኛውም ልጅቷን በስልክ ልገሥጻት ተዘጋጅቼ ካርዱን ሳወጣ፣ የተቀበረው እዚሁ እኛ ዘንድ፣ በዘመቻው ወቅት፣ ለሠልጣኞች ማሳያ ሆኖ ነው። ፊርማው የማን እንደሆነ አልጽፍም። ከገባ በኋላ ባለሙያውም ተጠቃሚዋም በጣታቸው ዳስሰው ሳያረጋግጡ መነሣት እንደሌለባቸው አበክሮ ያስተማረን ግን የፊርማው ባለቤት ራሱ ነበር። ያን ፊርማ በሌላም ስፍራ፣ ለምሳሌ በአንድ ቅጽ ግርጌ ላይ፣ አይቼው ነበር።

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አነበብሁ። ዘንጉ በስሕተት ከደም ሥር ውስጥ ገብቶ እስከ ሳንባ የደም ሥር ድረስ የተወሰደባቸው፣ እጅግ ጥቂት ቢሆኑም የተመዘገቡ አጋጣሚዎች አሉ፤ የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2016 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ባለሙያዎችን አስጠንቅቆ ነበር። ከክንድ የደም ሥር ተነሥቶ ሳንባ የሚደርስ ነገር የግድ በልብ በኩል ነው የሚያልፈው። ሰባት ጊዜ የማልሁትን መሐላ አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ። ይህን ለአንዲት የመንዝ ገበሬ ሴት በምን አፌ ልንገራት? አሁንም የትም አይሄድም እላለሁ፤ «በደንብ ከገባ» የምትል ቃል ግን ከፊቷ ጨምሬበታለሁ፣ ከመናገሬም በፊት እዳስሳለሁ።

ሴትየዋ ለፍልሰታ መግቢያ አልደረሰችም፤ ለመጨረሻው ሳምንት ግን ደርሳ ልጆቿን አስቆርባለች። ነሐሴ ሳያልቅ ለመርፌ መጣች። መርፌውም ደም ሊያዛባባት እንደሚችል በዚህ ጊዜ ሳልሸፋፍን ነገርኋት። «አውቃለሁ» አለች፣ «እሱ ግን ባይስማማኝ በሦስት ወሩ ራሱ ይለቀኛል፤ አውጡልኝ ብዬ ማንንም ደጅ አልጠናም።» ከ100 ሴቶች 23ቱ መርፌውን ለምን እንደሚመርጡ በብዙ ሥልጠና ላይ ሲብራራልኝ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ በአጭሩ የነገረኝ ግን አልነበረም። ሆኖም እኔም ብሆን እቅዴ የሚለካው በረጅም ጊዜው መከላከያ ስለነበር፣ በልቤ አንድ ተጠቃሚ ጎደለብኝ ማለቴን አልክድም።

በጥቅምት የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ግምገማ ሲካሄድ፣ ያለጊዜው ስለማስወጣት የቀረበው ገለጻ ላይ «በተሳሳተ አመለካከት» የሚለው ዓምድ ከሁሉም በልጦ ረዥም ሆኖ ቆመ። ከዓምዱ ሥር ምሳሌ ተጽፏል፦ «ልቤ ጋ ደርሷል»፤ ካርድ ቁጥሩንም አውቀዋለሁ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አቅራቢው ጤና ጣቢያችንን ሲያይ ጊዜ ደስ አለውና «ይህችን እናት የመከረች ባለሙያ እዚህ አለች፤ እስቲ ምን ብለሽ እንዳሳመንሻት ለቤቱ ንገሪ» ብሎ ማይክሮፎኑን በሰው እጅ ላከልኝ።

ተነሣሁ። ጠባሳዋም፣ የተሸጠው ጠጉርም፣ ጽዱም፣ ፊርማውም ሁሉ አንድ ላይ ጉሮሮዬ ላይ መጥተው ነበር።

«የትም አይሄድም አልኋት» አልሁ።

አጨበጨቡልኝ።